ፑል ወድጄ ነው ወይስ ሱስ ይዞኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ፑል የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ጎበዝ ነኝ፤ ሰፈራችን ውስጥ የሚያሸንፈኝ ጥቂት ሰው ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከሥራ ስወጣ እግሬ በቀጥታ ወደ ፑል ቤት ይወስደኛል፣ እስኪዘጋም አልወጣም። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ኳሶቹ ይታዩኛል። ድሮ የተሸነፈ የጌሙን ይከፍላል ነበር፣ አሁን አሲዘን ነው የምንጫወተው። በ50 ብር ጀምረን 500 ደርሰናል። ቅዳሜ ቅመን ስለምንገባ ብዙ ብር የሚሄደው ያን ቀን ነው። በቅርቡ እቁብ ወጥቶልኝ ነበር፣ ለሰርጋችን ያሰብነው። ግማሹ የለም። እጮኛዬ አታውቅም። እናቴ ጠባዬ ተለወጠባትና ጸበል ግባ ትለኛለች። ይሄ ነገር ፍቅር ነው ሱስ? ሱስ ከሆነስ ጨርሼ ልተወው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ፑል መውደድህ አላስፈራኝም። የጥያቄህ መጨረሻ ላይ ስደርስ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። እቁቡን ነክተሃል፣ እጮኛህ አታውቅም። ማስያዙ ከመምጣቱ በፊት ያለው የአንድ ጨዋታ ወዳጅ ወሬ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የቁማር ወሬ ነው። አንተ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለህ «ፑል» ብለሃቸዋል። ለያይተን እንያቸው።

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከኳሶቹ። ዓይንህን ስትጨፍን ኳስ ማየትህ የሱስ ምልክት አይደለም። በ2000 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) የሃርቫርዱ ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቹ ሰዎችን ቴትሪስ አጫወቱና ሊተኙ ሲሉ ምን እንደሚታያቸው ጠየቁ። ብዙዎቹ የሚወርዱትን የጌሙን ቅርጾች አየን አሉ። የሚገርመው፣ ጌሙን መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎችም ይህንኑ ተናገሩ። አንጎል አዲስና ተደጋጋሚ ነገር ሲማር ማታ መልሶ ያላምጠዋል፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ ጤፍ ስትለቅም የዋለችም እናት ዓይኗን ስትጨፍን ጤፍ ሊታያት ይችላል።

ሰዓቱንም ብቻውን ቆጥሬ ሱሰኛ ነህ አልልህም። ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ ማኒላ ውስጥ በአጎቱ ፑል ቤት ነው ያደገው፣ ጠረጴዛው ላይ እየተኛ። በ1999 የናይን ቦል (በዘጠኝ ኳስ የሚደረግ የፑል ዓይነት) የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ዓይነት ሰው በቀን ስንት ሰዓት ኳስ እንደሚመታ አስበው። ይሄን ስጽፍ አንዱ ጓደኛህ «እሱም እኮ ልጅ ሆኖ እያስያዘ ነው ያደገው» እንደሚልህ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ግን ሬየስን የምናውቀው ስላሸነፈ ነው። በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ አስይዘው የተበሉትን ማን ያውቃቸዋል?

ሮበርት ቫለራንድ የሚባል ካናዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 ያወጣው ጥሩ መለያ አለ። ሰው ለሚወደው ነገር ያለው ስሜት ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ። አንደኛው ከቀረው ሕይወትህ ጋር ተስማምቶ ይኖራል፦ ትጫወታለህ፣ ደስ ይልሃል፣ ትወጣለህ፣ ከወጣህ በኋላም ደስ እንዳለህ ትቆያለህ። ሁለተኛው ራሱ ነው የሚነዳህ፦ ሳትፈልግ ትገባለህ፣ እየተጫወትክ ሌላ ቦታ መሆን እንደነበረብህ ይሰማሃል፣ ስትወጣ ራስህን ትወቅሳለህ፣ በማግስቱ ደግሞ እዚያው ነህ። የትኛው እንደሆንክ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ደግሞ አንድ ሙከራ ልስጥህ፤ ከመጠይቅ ሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ፑል ቤቱ ጭር ሲል፣ ብቻህን ግባ። ጥቁሯን ኳስ መሃል አስቀምጥ፣ ነጯን ከወዲያ ማዶ አድርግ፣ ያንኑ አንድ ምት ደጋግመህ ምታ። ስቲክህን ቾክ ቀባ፣ ምታ፣ መልሰህ ደርድር፣ ምታ። ማንም አያይህም፣ አንድም ብር አልተያዘም። ጨዋታውን የሚወድ ሰው ሰዓቱ ይጠፋበታል፤ ነጯ ለምን ወደ ግራ እንደሸሸችበት ሲያስብ ምሳ ያመልጠዋል። የያዘው ብሩ ከሆነ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይሰለቸዋል፣ ስልኩን ያወጣል፣ «ማን አለ?» ብሎ መደወል ይጀምራል። ሞክረውና ራስህን ታዘብ።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። «የፑል ሱስ» የሚል ምርመራ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ከባሕሪ ሱሶች ውስጥ በስም የጠራው ቁማርንና የቪዲዮ ጌምን ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ድሮ ቁማርን የሚያስቀምጠው ሳይፈልጉ ከመስረቅና እሳት ከመለኮስ ችግር ጋር ነበር፤ በ2013 ግን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ጎን፣ ሱሶች ምዕራፍ ውስጥ አስገባው። 9 መለኪያዎች አሉት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 4ቱ ከታዩብህ ምርመራው ይሰጥሃል። ካንተ ጽሑፍ ሦስቱን ያየሁ ይመስለኛል፦ ሐሳብህ ሁሉ እዚያ መሆኑ፣ የምታስይዘው ብር እያደገ መሄዱ፣ መደበቅህ። በጽሑፍ ብቻ ምርመራ አልሰጥም፣ ተገቢም አይደለም። አንድ ያልነገርከኝ ነገር ግን አለ፣ እሱን ነው ፊት ለፊት ብንቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቅህ።

ስትሸነፍ እንዴት ነው የምትወጣው?

«ለዛሬ አልቀናኝም» ብለህ ጃኬትህን ለብሰህ ትወጣለህ? ወይስ «ይቺን ላስመልስና እወጣለሁ» ትላለህ? በእኔ እምነት ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች «ላስመልስ» ላይ ነው። የበላ ሰው ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተበላው ነው እስኪዘጋ የሚቆየው። ጠረጴዛ የሚጠብቀው ልጅ መብራት ማጥፋት ሲጀምር «አንድ ጌም ብቻ፣ በእጥፍ» የሚለው ማን እንደሆነ እስቲ አስታውስ። እስኪዘጋ አልወጣም ስላልክ መልሱን የገመትኩት ይመስለኛል፣ ግን አንተው ንገረኝ።

ለምን እንዲህ ይይዛል? ቮልፍራም ሹልትዝ የሚባል የነርቭ ሳይንቲስት በ1990ዎቹ ጦጣዎች ላይ ያሳየው ነገር አለ። ጦጣዋ ያልጠበቀችው ጭማቂ ሲደርሳት ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚለቁት ሴሎቿ ይነሳሉ። ከጭማቂው በፊት ምልክት እንደሚመጣ ከለመደች በኋላ ግን ሴሎቹ የሚነሱት ለጭማቂው መሆኑ ይቀርና ለምልክቱ ይሆናል። ከታች ሆነህ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለህ፣ ፎቅ ላይ የብሬኩ (የጨዋታው መክፈቻ ምት) ድምፅ ቷ ሲል ልብህ የሚዘለው ለዚህ ነው። ገና አልተጫወትክም፣ አንጎልህ ግን ጀምሯል።

ሌላው «ለጥቂት» ነው። ካምብሪጅ ውስጥ ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ በ2009 እንዳሳዩት፣ በቁማር ማሽን ለጥቂት መሳት ሰውን አያስደስትም፤ ግን የማሸነፍን የአንጎል ክፍሎች ይቀሰቅሳል፣ መቀጠል ያስመኛል። ፑል ላይ ደግሞ ይሄ ይብሳል። ጥቁሯ የቀዳዳውን ሁለት ከንፈር ቷ ቷ አድርጋ አፉ ላይ ስትቆም ያለውን ታውቀዋለህ። ማሽኑ ላይ ለጥቂት መሳት ምንም አያስተምርህም። ፑል ላይ ግን እውነትም ትንሽ ያስተምርሃል፣ ትንሽ ቀጠን አድርጌ ብመታት ትገባ ነበር ትላለህ፣ ልክም ነህ። ወጥመዱ ይሄ ነው። ችሎታ ያለበት ጨዋታ ስለሆነ ብሩም በችሎታህ የሚመለስ ይመስልሃል።

አይመለስም፣ ለምን እንደማይመለስ ላስላልህ። አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፣ ይገባሃል። ጎበዝ ስለሆንክ ከደካማ ጋር ማንም አያስይዝህም። ወይ እኩያህ ይመጣል፣ ወይ ደካማው «ሁለት ኳስ ስጠኝና» ይልሃል። ሁለት ኳስ ስትሰጠው ችሎታህን ሸጠህለታል፤ ጨዋታው ሳንቲም ወደ መወርወር ይጠጋል። እንግዲህ እኩል ለእኩል ሆናችሁ እንበል፣ አንድ ጌም 20 ብር፣ በማታ 15 ጌም። ግማሹን ትሸነፋለህ፣ 150 ብር አካባቢ ትከፍላለህ። በወር 25 ማታ ብትሄድ 3,750 ብር። ይሄ ምንም ሳይያዝ ነው! 500ዋ ካንተ ኪስ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ አንተ ትመላለሳለች፤ የጌሙ ብር ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፣ ወደ ባለቤቱ። በረጅሙ ካየኸው ከዚያ ቤት በልቶ የሚወጣው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ስቲክ አይነካም።

ስለ ቅዳሜው ብዙ አልልም፣ ራስህ ነግረኸኛል። ምርቃና ላይ ድካም አይሰማም፣ በራስ መተማመን ጣሪያ ይነካል፣ ሰዓት ይሮጣል። 200 ለማስያዝ ታስብ የነበርከው ሰውዬ 500 ምንም አይመስልህም። ከዚያ ጨብሲ ይከተላል፣ የቀረው ፍርድም አብሮ ይሄዳል። ጫትን ስለማቆም ሌላ ጊዜ እናወራለን። ለጊዜው ግን ቅመህ ስቲክ አትንካ። ሁለቱ አንድ ቀን ላይ አይገናኙ።

ጨርሼ ልተወው ወይ ላልከው፦ ማስያዙን አዎ፣ ዛሬውኑ፣ በ10 ብርም ቢሆን። «ለማኪያቶ ነው» የሚባለውም ያው ነው። ጨዋታውን በተመለከተ ደግሞ አንዳንድ ባልደረቦቼ ሙሉ በሙሉ አቁም ይሉሃል፤ እኔ የአራት ሳምንት ፈተና ይቅደም ባይ ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀኖቹን አስቀድመህ መርጠህ፣ ከሚያስይዙት ልጆች ውጪ፣ የጌሙን ብር ግማሽ ግማሽ ከፍላችሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትወጣለህ፣ እየበለጥክም ቢሆን፣ እየተሸነፍክ ቢሆንም። ደብተር ያዝና ስትገባ ሰዓቱን፣ ስትወጣ ሰዓቱንና ያወጣኸውን ብር ጻፍ። አራቱን ሳምንት ሳትጥስ ከጨረስክ ጨዋታው ያንተ ነው፣ አትተወው። ሁለት ጊዜ ከጣስክ ግን መከራከር የለም፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ፑል ቤት አትገባም። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ላይ ትነጫነጫለህ፣ እንቅልፍ እምቢ ይልሃል፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ እግርህ ይበላሃል። ያልፋል። ያችን ሰዓት ባዶ አታድርጋት ብቻ፤ መንገድ ቀይር፣ ወንድምህን ቅጠር፣ ጂም ግባ፣ የፈለግከውን።

እውነት ለመናገር አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ጠረጴዛው ናፍቆት አይደለም፣ ልጆቹ ናፍቀውት ነው። ጀማህ እዚያ ነው ያለው። ቀልዱ፣ መበሻሸቁ፣ «መጣ አንበሳው» መባሉ። ቢሮ ውስጥ ማንም አንበሳ አይልህም። ስለዚህ ከእነሱ ውስጥ አንድ ሁለት ደህናዎቹን ምረጥና እሑድ ጠዋት ኳስ ሜዳ ወይ ቡና ላይ አግኛቸው። «አላስይዝም፣ እዳ አለብኝ» በላቸው፣ ሌላ ማብራሪያ አይጠበቅብህም። ከዚያ በኋላም «ና አንድ ብቻ» የሚልህ ካለ ስቲክህን እንጂ አንተን አይፈልግም።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ጨካኝ ሁን። ድሮ ኪስህ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቅ ነበር፤ አሁን ቴሌብር አለ፣ ኪስ አያልቅም። ፑል በምትጫወትባቸው ሁለት ቀኖች ጥሬ ብር ብቻ ይዘህ ግባ። ስልክ ላይ ያሉትን ብድሮች፣ መላውንም እንደኪሴውንም፣ ለጨዋታ እንዳትነካቸው፤ ነክተህ ከሆነ ዕዳህ ውስጥ ደምራቸው። ደመወዝህ እንደገባ የእቁቡ መዋጮ መጀመሪያ ይውጣ። እጣው ስለወጣልህ ብቻ አልጨረስክም፣ እስከ መጨረሻው ዙር መክፈል አለብህ። ተያዥህ ማን ነው? አንተ መክፈል ብታቆም የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ስለዚህ እሱም ከሌላ ሰው ሳይሰማ ካንተ ይስማ።

እና እጮኛህ። ይሄን እንደማትወደው አውቃለሁ። ከነገርኩህ ሁሉ ግን አንዱን ብቻ ነው የምታደርገው ብትለኝ ይሄን እመርጥልሃለሁ፤ ምክንያቱም «ሳታውቅ ላስመልሰው» የሚለው ሐሳብ ነው ነገ ማታ እንደገና የሚያስይዝህ። ምስጢሩ እስካለ ድረስ መጫወቻ ምክንያት አለህ። ቁጥሩን አስቀድመህ ደምር፣ እስከ መጨረሻዋ ብር። ጸጥ ያለ ቦታ ተቀመጡና በአንድ ጊዜ ንገራት። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ሌላ ቀን አይሆንም፤ ሰው ይቅር የማይለው ሁለተኛውን ነው። «ፑል ቤት አስይዤ ከእቁቡ ይሄን ያህል ጠፍቷል። ደብቄሻለሁ። ማስያዝ አቁሜያለሁ፣ በዚህ ወር ይሄን ያህል እመልሳለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው» በቂ ነው። ቃል አትደርድር፣ አትማል። ልትቆጣ ትችላለች፣ ሰርጉ ይገፋ ልትል ትችላለች፣ መብቷ ነው። ለጊዜው የባንክ ደብተሩን እሷ ወይ እናትህ ቢይዙት አትፈር። እነሱን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ፦ አዝናችሁ ዕዳውን በአንዴ እንዳትከፍሉለት። ዕዳው በአንድ ቀን የጠፋለት ሰው «አንድ ቀን ደግሞ ይጠፋልኛል» ብሎ ይማራል፤ በየወሩ ራሱ ይክፈል።

ጸበሉን በተመለከተ፣ እናትህን ደስ ካላት ሂድ፣ እምነትህም ከሆነ ሂድ። ብዙ ታካሚዎቼ ይሄዳሉ፣ ማልደው መነሳቱም ማታ እንዳያመሹ ይረዳቸዋል። ከሕክምና ጋር አይጣላም። የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት የምትወስድ ከሆንክ ብቻ ለጸበል ብለህ እንዳታቋርጠው።

አንድ ቁምነገር ደግሞ አለ። ቁማርና ዕዳ ያለበት ሰው ላይ ድብርት አብሮ ይገኛል፤ አንዳንዴ ድብርቱ ቀድሞ መጥቶ ፑሉ መሸሻ ሆኖ ይጀምራል። ጨዋታ ላይ ሳትሆን ምንም ነገር ደስ የማይልህ ከሆነ፣ ምግብ ከቀነስክ፣ ሌሊት ከነቃህ ይሄን ለሐኪም ንገር። «ብሞትስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ አራት ሳምንት አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ለአንድ ሰው ንገርና አብራችሁ በአቅራቢያህ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አዲስ አበባ ስለሆንክ ሩቅ አይደለህም። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ጥቁር አንበሳም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈህ ብትሄድ ይቀልሃል። «አማኑኤል ገባ» እባላለሁ ብለህ ከፈራህ የሒሳብ ሰው በሥራ ሰዓት ወደዚያ ሲሄድ ማንም አይከተለውም፣ ተረጋጋ። ለቁማር ሱስ ብቻ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ለአልኮል ሱስ የምንጠቀምበት ናልትሬክሶን አንዳንድ ሰው ላይ ረድቶ ታይቷል፣ እሱን ሐኪምህ ይወስን። ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ «ላስመልስ» የሚለው ሐሳብ መቼ እንደሚመጣ፣ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ከባለሙያ ጋር በየሳምንቱ እየተቀመጡ መሥራት። የመጀመሪያው ቀን ላይ ብዙ ጥያቄ ትጠየቃለህ፣ ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ ጫቱ፣ ስለ መጠጡ፣ ቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ስለመኖሩ። ደብተርህን ይዘህ ግባ፣ የጣስክባቸው ቀኖችም ሳይሰረዙ። እጮኛህ ፈቃደኛ ከሆነች ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አብራችሁ ግቡ።